ያልተፈታው ጨፌ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት፤ ቀስ በይ ስትለኝ እቆማለሁ፣ ቀጥዪ ስትለኝ እቀጥላለሁ። እሷ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ «አያቴ፣ ያ ጨፌ ለምንድን ነው ሰው የማይገባበት?» ባትለኝ ኖሮ ይዤው እሞት ነበር። ሰው የማይገባበት አባቴ በግዝት ስላሰሩት ነው። አባቴ ያሰሩትን ሳይፈቱ ሞቱ። የምነግራችሁ እሳቸው የሞቱበትን ቀንና ያ ቀን እኔን ምን እንዳደረገኝ ነው።

አገራችን ከጎረቤላ ወደ ቆላው በሚወርደው አፋፍ ላይ ነው። ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ገብስና ባቄላ ነው የምንዘራው። አፋፉን ስትወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። እዚያ ታች እስላሞቹ አሉ፣ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ፣ ሎሚና ትርንጎ የሚተክሉ፣ አልዩ አምባ ገበያ የሚነግዱ። በኛና በነሱ መሃል አንድ ውሃ አለ። ከኛ ተራራ ሥር፣ ከጨፌው ነው የሚመነጨው። የቀጨሞ ምንጭ እንለዋለን። እኛ ከራሱ እንቀዳለን፣ እነሱ ከታች ይጠጡታል፣ ማሳቸውንም ያጠጡበታል።

እኔ ልጅ ሳለሁ ያ ምንጭ ሞቶ ነበር። ተራራው እስከ ጫፉ ታረሰ፣ ጨፌውን ከብት ረጋገጠው፣ በጋ ሲሆን ውሃው ጭቃ ሆነ፣ ጭቃውም ደረቀ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጎርፉ ድንጋይ ተሸክሞ ወርዶ የቆለኞቹን ማሳ ጠረገው። አንድ ቀን ቆለኞቹ ዱላ ይዘው ወጡ። የኛም ወንዶች ዱላ ይዘው ጠበቋቸው። መሃል ገብተው የቆሙት አባቴ መምሬ ተክሌና የቆላው ሼህ እንድሪስ ናቸው። ሁለቱ የገበያ ወዳጆች ነበሩ። አባቴ ገብስ ሲሸጡ፣ ሼህ እንድሪስ በርበሬ ሲሸጡ፣ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት።

እንዲህ ብለው ተስማሙ። ተራራው ከእንግዲህ አይታረስም። ቆለኞቹ ማሽላቸውን ሲሰበስቡ ወንዶቻቸው እየወጡ ከኛ ወንዶች ጋር እርከን ይሠራሉ፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ይከትራሉ። ጠባቂ ከላይም ከታችም ይቆማል። የተራራው ሣር በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይወሰዳል እንጂ ከብት አይሰማራበትም። የምንጩ ዓይን ያለበት ጨፌ ግን ማጭድም አይነካው። ጥላው ከተገፈፈ ውሃውን ፀሐይ ይጠጣዋል። አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው «ከብት ያገባ፣ ማጭድ ያሳረፈ የተገዘተ ይሁን» አሉ። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። የኛ ሰው አሜን አለ፣ የነሱም ሰው አሚን አለ። ኋላ መንግሥት ተለውጦ ገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ስንዴና ዘይት እየተሰጠ እርከኑ በዛ፣ ችግኝም መጣ። ካድሬዎቹ «የአብዮቱ ፍሬ ነው» ብለው አጨበጨቡ፣ እኛም አጨበጨብን። ምንጩ ግን ከነሱ ቀድሞ ነው የተመለሰው።

ግዝት ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቄስ ሲገዝት በቃሉ ያስራል። ግዝቱን የጣሰ ሰው አይቆርብም፣ ሲሞትም ፍትሐት የለውም። ያሰረው ቄስ በሕይወት እያለ ሌላ ቄስ አይፈታውም። በኛ ደብር ደግሞ ቄስ ነፍሱ ልትወጣ ስትል፣ ሰው ተሰብስቦ እየሰማ «በዘመኔ ያሰርኩት ሁሉ ይፈታ» ይላል። ይህን ሳይል የሄደ ቄስ እሱም ታስሮ ነው የሚሄደው ይባላል። እኛ እንዲህ እያልን ነው ያደግነው።

እንግዲህ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። በልጉ ቀረ። ከዚያ በፊት የነበረውም ቀርቶ ነበር። የተራራውን ሣር እስከ ሥሩ አጭደን ጨረስነው። የቤታችንን ክዳን እየመዘዝን ለከብት አበላን፤ ተኝቼ ቀና ስል በጣራው ሰማይ ይታየኝ ነበር። ከኛ በረት የቀረችው አንዲት ላም ናት፣ ቦራ እንላታለን። እኔ ያኔ ልጅ ወልጃለሁ፣ የመጀመሪያ ልጄን። ስትወለድ ሼህ እንድሪስ ከቆላ ትርንጎ ይዘው መጡ፣ አባቴ ሽታው ደስ ብሏቸው ልጄን ትርንጎ አሏት። እኔ ሳልበላ ጡቴ ደረቀ። ትርንጎ የምትኖረው ከቦራ በምትገኝ ጥቂት ወተት ነበር።

ጨፌው ግን አረንጓዴ ነው። አገሩ ሁሉ አመድ መስሎ መሃሉ ላይ ቄጤማው እስከ ወገብ ቆሟል። ዙሪያው የድንጋይ ካብ ነው። ከብቶቹ በካቡ ላይ አንገታቸውን አስረዝመው ያሸቱት ነበር።

ያ ቀን በግንቦት ነው። ፀሐይ ሞቅ ስትል ግቢያችን በሰው ተሞላ። አባቴ ከሑዳዴ ጾም ጀምሮ ሆዳቸውን ታመው መደቡ ላይ ተኝተዋል። የዚያን ዕለት ትንፋሻቸው ተለወጠ፣ ጎረቤት ሰማ፣ ወሬው ሄደ። ሰው የመጣው በሽተኛ ሊጠይቅ ብቻ አልነበረም። ቃሉን ሊሰማ ነው። አባቴ ያሰርኩት ሁሉ ይፈታ ካሉ ጨፌውም አብሮ ይፈታል፣ ከብት ይገባል። ከብታቸውን እየነዱ የመጡም አሉ። ቆዳና አጥንት የሆኑ በሬዎች አጥራችን ሥር ቆመዋል።

ሊቀመንበሩ ደጀኔ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«ይኼ ምን መሰብሰብ ነው?» አለ። «ግዝት በሚባል የአድኃሪ ወሬ ከብታችሁን ትጨርሳላችሁ? መሬቱ የጭቁኑ ሕዝብ ነው! ገብታችሁ አብሉ!»

ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ምላሷ ምላጭ ነው።

«እሰይ ጓድ ሊቀመንበር!» አለችው። «በል እንግዲያ ያንተን በሬ አስቀድም። እኛ ከኋላ እንከተልሃለን።»

ደጀኔ አንዴ ወደ በሬው፣ አንዴ ወደ ጨፌው አየ።

«እኔማ... እኔ ከቀደምኩ ሥልጣኑን ለግሉ ተጠቀመበት ትላላችሁ።»

«ኧረ አንልም! እንዲያውም እናጨበጭብልሃለን።»

«ይኼ የብዙኃኑ ጉዳይ ነው።»

«ብዙኃኑማ ይኸው ቆሟል፣ አንተን ሲጠብቅ። ምነው ጓድ፣ እግርህን ያዘህ?»

ሰው ሳቀ። በዚያ ረሃብ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ደጀኔም ሳቀ፣ ጠመንጃውን አወረደና አጥሩ ሥር ከሰው ጋር ተቀመጠ። አምላክ የለም ሲለን የከረመ ሰው የአባቴን ቃል ሊጠብቅ ተቀመጠ።

ቤት ውስጥ ያለነው እኔ፣ ባሌ ሽፈራው፣ እና ቃሉን ሊቀበል የመጣው ወጣቱ ቄስ አሰፋ ነን። ሽፈራው ማለት እንግዲህ የዚህች የምትጽፍልኝ ልጅ አያት ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ትርንጎን ከእጄ ወሰደና አባቴ ጎን አስተኛት።

«መምሬ፣ ይቺን ይዩዋት።»

አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «አየኋት።»

«አላዩዋትም! አንገቷን ይዩት። ቦራ ከሞተች ይቺ ትሞታለች። ሣሩ እዚያ ቆሟል። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው።»

«ሽፈራው፣ ቃሉ አንድ ነው። የሚገባው ከብት ግን የአገሩ ሁሉ ነው። በሳምንት ጭቃ ያደርጉታል።»

«ያድርጉታ! ክረምት ሲመጣ ይበቅላል።»

«ምንጩ ሲሞት አንተ ልጅ ነበርክ። እኔ አይቼዋለሁ። እኛስ ቢርቅም ከማዶ ወርደን እንቀዳለን። ታች ያሉት ከየት ይቀዳሉ?»

«ታች ያሉትን የራሳቸው ሰው ይወቅላቸው!»

«በል ይህን እንድሪስ ሲመጣ እፊቱ ድገምልኝ» አሉት።

ሽፈራው ክፉ ሰው አልነበረም። ከሼህ እንድሪስ ልጆች ጋር ድንጋይ ተሸክሞ ያንን ካብ የካበ ሰው ነው። አባቴ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«አስካለ፣ አንቺስ?»

አባቴ በሕይወታቸው ምክር ጠይቀውኝ አያውቁም። ሴት ልጅ ነኝ፣ ውሃ አምጪ፣ እንጨት አምጪ ነበር ወጉ። ትርንጎን አየኋት። አታለቅስም። ማልቀስ ካቆመች ሰንብታለች።

«አባዬ፣ ይፍቱት» አልኳቸው።

«እሺ፣ ሰማሁሽ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቄስ አሰፋ ጠጋ ብሎ «መምሬ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ቃሉን ይበሉ» አላቸው። «እንድሪስ ይምጣ» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ደገመላቸው። «እንድሪስ ይምጣ አልኩህ እኮ።» ሼህ እንድሪስ ዘንድ መልእክተኛ ከሄደ ቆይቷል፤ ግን ያ አፋፍ ለሽማግሌ ቀላል አይደለም። ፀሐይዋ ከፍ አለች፣ አናት ላይ ደረሰች። እኔ በጥጥ ከንፈራቸውን አረጥባለሁ፣ ጆሮዬ ደጅ ነው። ትንፋሻቸው ይቆማል፣ ቄስ አሰፋ ብድግ ይላል፣ ትንፋሻቸው ደግሞ ይመለሳል። ደጅ ያለው ሰው በየመሃሉ «አሉ?» ይላል። «አላሉም» ይለዋል በር ላይ የቆመው። ከአጥሩ ሥር አንድ በሬ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት። ባለቤቱ አልጮኸም።

ሼህ እንድሪስ ከጥቂት ቆለኞች ጋር ደረሱ። ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፣ ግን ፊቱን አጠቆረ። አንዱ «ሊከለክሉ መጡ» አለ።

«ወንድሜን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ ሼህ እንድሪስ፣ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። መደቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና የአባቴን እጅ ያዙ።

«ተክሌ።»

«መጣህ? አዝግመሃል።»

«አፋፉ ረዘመብኝ፣ ወላሂ። ወይ እሱ ረዝሟል ወይ እኔ አጥሬያለሁ።»

አባቴ ፈገግ አሉ። ከዚያ «ታች እንዴት ናችሁ?» አሉ።

«ምን እነግርሃለሁ። የቆላው ምንጭ ሁሉ ደርቋል። ያለው የናንተው ብቻ ነው። ሴቶቹ ተሰልፈው በጣሳ ነው የሚቀዱት። ከበረሃም ከግመሎቻቸው ጋር የመጡ አሉ፤ ሂዱ አይባል። ሰው የሞተብን በረሃብ ነው እንጂ በጥም የሞተብን የለም፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ውጪ ያለውን ሰው አየኸው?»

«አየሁት። ከብቱንም አየሁት።»

ከዚያ ሼህ እንድሪስ ዓይናቸው አባቴ ጎን ከተኛችው ልጅ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ጨርቅ መስላቸው ነበር።

«ይህቺ... ትርንጎ ናት?»

«ናት» አልኩ።

አነሷት። በሁለት መዳፋቸው ላይ ሞላች አልላችሁም፤ ምንም አታህል። ፊቷን አዩት፣ እግሯን አዩት። ከዚያ መልሰው አስተኟት።

«ፍታው» አሉ።

«ምን አልክ?» አሉ አባቴ።

«ፍታው፣ ተክሌ። እኔ ወርጄ ለሰዎቼ እነግራለሁ። አላህ ያውቃል። ይህችን ልጅ አይቼ አትፍታ ማለት አልችልም።»

ሽፈራው ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ለሰዉ ሊናገር። አባቴ ግን ሳቁ። ሳል የተቀላቀለበት ሳቅ ነው፣ ደረታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አይ እንድሪስ! እኔ እኮ የጠራሁህ አትፍታ እንድትለኝ ነው። አንተ አትፍታ ስትለኝ፣ ከልቤ ጋር ከመታገል ባንተ ላላክክ ነበር። ተማምኜብህ ነበር።»

«ምን ላድርግ» አሉ ሼህ እንድሪስ። እንባቸው ይወርዳል።

«ምንም። ብቻዬን አደረግኸኝ እንጂ ምን አደረግክ።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ ጣራውን አዩ፤ በክዳኑ ቀዳዳ የሚታየውን ሰማይ። ከዚያ «አውጡኝ» አሉ።

ሽፈራው፣ ቄስ አሰፋ፣ ሼህ እንድሪስና አብሯቸው የመጣ አንድ ቆለኛ ከነምንጣፋቸው አንስተው ደጃፉ ላይ አወጧቸው። ሰዉ ተነሣ። ወንዱ ራሱን ገለጠ። ደጀኔም ቆቡን አወለቀ። ጨፌው ከደጃችን ይታያል፤ አባቴ ግን ወደዚያ አላዩም፣ ሰዉን ነው ያዩት፣ አንድ በአንድ። ያጠመቋቸው፣ ያጋቧቸው ሰዎች ናቸው።

ቄስ አሰፋ መስቀላቸውን በእጃቸው አስያዛቸው።

«መምሬ፣ ቃሉን ይበሉ።»

«በዘመኔ...» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ነው። «በዘመኔ ያሰርኩት ሰው ሁሉ ይፈታ። ባሏን የተጣላች፣ ወንድሙን የከሰሰ፣ በቁጣዬ የገዘትኩት ሁሉ ይፈታ። ደጀኔ፣ አንተም አብዮት ብለህ ስትሰድበኝ የገዘትኩህ ተፈታህ።»

ደጀኔ ደነገጠ። መገዘቱን አያውቅም ነበር።

አባቴ ትንፋሽ ወሰዱ። እኔ ትርንጎን አቅፌ በሩን ተደግፌያለሁ። አሁን ይሉታል አልኩ በልቤ። አሁን።

«ጨፌው ግን እንደታሰረ ይቆይ። ኃጢአቱ የኔ ነው። ከኔ ጋር ይሂድ።»

ከዚያ እንደ ጎርፍ ነው። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ጉልበታቸው ላይ ይወድቃል፣ አንዱ መሬት ይመታል። «መምሬ፣ ልጆቻችን!» ይላሉ። እትዬ ዘውዴ ያቺ ምላሰኛ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። ቄስ አሰፋ ተንበረከከ።

«መምሬ፣ ታስረው ይሄዳሉ እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ይፍቱት፣ በመድኃኔ ዓለም ይፍቱትና ይሂዱ!»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ሽፈራው እፊታቸው ሄዶ ቆመ። የሚመታቸው መስሎኝ ነበር። «የልጅ ልጅዎን ገደሏት» አላቸው፣ ቀስ ብሎ። አባቴ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አዎ እንደማለት። አልተከራከሩትም። አንድ ነገር ቢሉ፣ እግዜር ያውቃል ቢሉ፣ ትድናለች ቢሉ እወድ ነበር። አዎ ብለው ብቻ ነቀነቁ።

ከብት ወደ በረት በሚገባበት ሰዓት ላይ አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ምን የሆነ ይመስላችኋል? ማንም አልገባም። አባቴ ሞተዋል፣ ጠባቂዎቹ በረሃብ ደክመው ወድቀዋል፣ ካቡ ከወገብ በታች ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ከብት አልገባም። ሽፈራው አንድ ጠዋት ቦራን ነድቶ ሄደ። እኔ ከሩቅ አየዋለሁ። ካቡ ጋ ደርሶ ከላይ ያለውን ድንጋይ በሁለት እጁ ያዘ፣ ሊያነሳው። እንደያዘው ቆመ። ቦራ አጠገቡ ትንፋሿን ታሰማለች። ፀሐይዋ ዞረች፣ እሱ እዚያው ነው። አመሻሽ ላይ ላሟን ነድቶ ተመለሰ።

«አቃተኝ» አለኝ። «እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ አስካለ። ድንጋዩን እኔ ራሴ ነኝ እዚያ ያስቀመጥኩት።» ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ቦራ ሞተች። ከዚያ ሼህ እንድሪስ የምትታለብ ፍየል እየጎተቱ ያንን አፋፍ ወጡ። የቆላ ፍየል የግራር ፍሬ እየለቀመች ትንሽ ትታለብ ነበር። ከልጅ ልጆቻቸው አፍ ነጥቀው ነው ያመጧት፣ አልነገሩኝም እንጂ ገብቶኛል። ትርንጎ ጠጣች። ዓይኗ በራ። አንድ ቀን ጣቴን ያዘችኝ። ተርፋለች ብዬ ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳት። ከዚያ ተቅማጥ ያዛት፣ አንጀቷ ወተቱን አልቀበል አለ፣ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው እቅፌ ውስጥ እንዳለች ቀዘቀዘች። ከአባቴ መቃብር ሥር ቀበርናት። ሼህ እንድሪስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ቆመው እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ስንወጣም እንደቆሙ ናቸው።

ያ ክረምት ዘነበ። ምንጩ አንድም ቀን አልቆመም ነበር።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ሰዎች ወደ ቤቴ መጡ። ቄስ አሰፋ፣ ደጀኔ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ ሼህ እንድሪስም አሉ። ቄስ አሰፋ ለአባቴ ነፍስ እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነው የመጣ። ያሰረው ቄስ ከሞተ ጳጳስ ሊፈታው ይችላል አሉት፤ ግን የሟቹ ልጅ አባቴን ፍቱልኝ ብሎ መጠየቅ አለበት፤ እሳቸው ሲፈቱ ጨፌውም አብሮ ይፈታል። አባቴ ከኔ ሌላ ልጅ የላቸውም።

«አንድ ቃል ነው የሚፈለግብሽ» አለኝ ቄስ አሰፋ። «አባትሽ ይረፉ።»

ደጀኔ ቀጠለ። «ጨፌውም ከተፈታ የኅብረት እርሻው ያርሰዋል። ጥቁር አፈር ነው። ከበላይም ታዟል። አሁን ዝናብ አለ፣ ችግር የለም።»

ሁሉም እሺ እንደምል ያውቃሉ። ለምን አልልም? ልጄን የበላብኝ ያ ግዝት ነው። አባቴም ታስረው ተኝተዋል። ወደ ሼህ እንድሪስ ዞርኩ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ አፍ የለኝም፣ ልጄ» አሉ። «ያኔ ፍታው ብያለሁ። ዛሬ አትፍቱ ብል ስለኔ ውሃ ነው። የከፈልሽው አንቺ ነሽ፣ የወደድሽውን በይ።»

ሽፈራው ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬት ይጭራል። አላየኝም።

«ይቆይ» አልኩ።

ቄስ አሰፋ በደንብ የሰማኝ አልመሰለውም። «አባትሽ እንደታሰሩ?»

«ልጄም እዚያው አብራቸው ናት» አልኩት። «ይቆይ።»

ደጀኔ ተቆጣ፣ ብዙ ተናገረ። ሰዎቹ ወጡ። ሼህ እንድሪስ ሲወጡ በሩ ላይ ቆሙ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ። ጨፌውን ማንም አላረሰውም። ደጀኔ ትራክተር አመጣለሁ ብሎ ነበር፤ የሚነዳለት ሰው ግን አላገኘም።

እናንተ የምታነቡ፣ ያን ቀን ያልኩትን ለምን እንዳልኩ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። አንዳንድ ቀን ለውሃው ብዬ ነው እላለሁ፣ ለታች ልጆች። ጨፌው ከታረሰ ትርንጎ በከንቱ ሞተች ማለት ነው፣ ያንን አልችለውም ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአባቴ ተናድጄ ነው እላለሁ። እሳቸው መርጠው የተሸከሙትን ይሸከሙት ብዬ። ሁለቱ በልቤ ውስጥ ተቀላቅለዋል፣ ለይቼ ላወጣቸው አልቻልኩም። ከዚያ ቀን በፊት ሰው መልካም ሲሠራ ደስ ብሎት የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ውሃ ሲጠበቅ ሁሉም የሚጠቀም፣ ማንም የማይጎዳ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ከላይም ከታችም ያሉት ልጆች አብረው ይሠራሉ። ኮሚቴ አላቸው፣ ስብሰባ አላቸው፣ ከከተማ በመኪና የሚመጡ ሰዎችም አሉ። በሸንጎው መሃል ወንበር ይሰጡኛል። እንዲህ ብንተባበር ሁላችንም እንጠቀማለን ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፣ እውነት ነው። ግን ዓይኔ ሳላስበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሄዳል።

ሽፈራው ሞቷል፣ ሼህ እንድሪስ ሞተዋል፣ ደጀኔም ሞቷል። ቄስ አሰፋ አርጅቶ በዱላ ይሄዳል። በየዓመቱ በአባቴ ሙት ዓመት ቀን ይመጣና እዚህ ይቀመጣል። «አስካለ፣ እኔም አንቺም ልንሄድ ነው» ይለኛል። «ከአንቺ ሌላ የሚጠይቅላቸው ልጅ የለም። አንቺ ከሄድሽ እስከ ዓለም ፍጻሜ ታስረው ይቀራሉ።» የቀዳሁለትን ጠላ ቀምሶ ይጠብቀኛል። እኔ ከደጄ ሆኜ ጨፌውን አየዋለሁ፣ ቄጤማው በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ። አፌ ላይ ይመጣል፤ አባዬን ፍቱልኝ ማለት ነው፣ አንድ ቃል ነው።

እስከ ዛሬ አላልኩትም።